ቀይ እስኪርብቶውን ለልጁ ስጡት

(ለአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህራንና ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ)

እንደምን አደራችሁ?

አንድ ነገር ጠይቄያችሁ ልጀምር። ቦርሳው ወይም ኪሱ ውስጥ ቀይ እስኪርብቶ ያለው እጁን ያውጣ። ... ጥሩ። ግማሻችሁ ናችሁ። የቀራችሁት ደግሞ ቤት ረስታችሁት ነው እንጂ እንደማታጡት አውቃለሁ። የአማርኛ መምህር ያለ ቀይ እስኪርብቶ ከቤት አይወጣም።

የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ እስኪርብቶ ነው። የተሰጠኝ ርዕስ «ከተማሪዎች ጋር ተረት መፍጠርና መጽሐፍ በእጅ መሥራት» ይላል። ከርዕሱ አልወጣም። ግን በዚህ ሥራ ስቆይ ደጋግሞ ያስቸገረኝ የወረቀት እጥረት አልነበረም። ልጁ አፉ ላይ ያለውን ታሪክ ገና ወረቀት ላይ ሳያወርደው እኛ በቀይ እንቀድመዋለን። ችግሩ እሱ ነው።

እስቲ አንድ 4ኛ ክፍል አስቡ። ስልሳ ተማሪ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተጠጋግተዋል። መምህሩ «ስለ ክረምት ድርሰት ጻፉ» ይላል። ምን ይመጣል? «ክረምት ማለት ዝናብ የሚዘንብበት ወቅት ነው። ክረምት ብዙ ጥቅሞች አሉት። ክረምት ጉዳትም አለው።» ስልሳውም ደብተር ላይ ይኸው ነው። ተኮራርጀው እንዳይመስላችሁ። ድርሰት ማለት ይህ ነው ብለን ያስተማርናቸው እኛው ነን። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ።

እነዚያኑ ልጆች በእረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ስሟቸው። «ትናንት እኮ ጎርፉ ዶሯችንን ወሰዳት! ሳፋ ላይ ቆማ እየተንሳፈፈች ሄደች! እናቴ ጃንጥላ ይዛ ስትሮጥ፣ ዶሮዋ ዝም ብላ ታያታለች!» እጁ ያወራል፣ ዓይኑ ያወራል። ከዚያ ደወል ይደወላል። ልጁ ዶሮዋን ውጭ ትቷት ክፍል ይገባል። ገብቶም «ክረምት ብዙ ጥቅሞች አሉት» ብሎ ይጽፋል።

የእኔ ሥራ እንግዲህ ዶሮዋን ክፍል ማስገባት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት የለም። እርሳስም የለም። ደብተር ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል። «ቲቸር፣ ቀን አንጽፍም?» የሚል አይጠፋም። ቀን አንጽፍም። በእንቆቅልሽ እንጀምራለን።

«እንቆቅልህ?»

«ምን አውቅልህ!»

«ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?»

የሚያውቀው «ወንዝ!» ብሎ ይጮኻል። ካልታወቀ «ሀገር ስጡኝ» እላለሁ። እኛ ልጅ ሳለን ጎንደርን ወይም ሐረርን ነበር የምንሰጠው። አሁን ዱባይን ይሰጡኛል። አንድ ልጅማ ማንቸስተርን ሰጠኝ። ተቀበልኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

እንቆቅልሽን የምወደው ለሳቁ ብቻ አይደለም። እንቆቅልሽ ልጁን አንድን ነገር ስሙን ሳይጠራ እንዲያሳይ ያስገድደዋል። «ወንዝ ውኃ ያለበት ነው» ካለ ጨዋታው አለቀ። ወንዙን እንደ መንገደኛ ማየት አለበት። ገለጻ ብለን በመማሪያ መጽሐፍ ስንት ገጽ የምናስተምረውን ነገር እንቆቅልሹ በአንድ መስመር ይሠራዋል። ከአምስት ስድስት የድሮ እንቆቅልሽ በኋላ «አሁን የራሳችሁን» እላለሁ። መጀመሪያ ዝምታ ነው። ከዚያ አንዷ ልጅ ተነሳችና «ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ይቆማል፤ እግር ግን የለውም» አለች። ማንም አልመለሰም። እኔም አልመለስኩም። አዲስ አበባን ሰጠኋት። መልሱ ጀሪካን ነበር።

ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ወዲያው ያየዋል። ቢጫ ጀሪካኖች በመስመር ተደርድረው ባለቤቶቻቸውን ተክተው ሰልፍ ይይዛሉ። ልጅቷ ያንን በየቀኑ ታየዋለች። ድርሰት ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ግን የነገራት አልነበረም። ወደዚህች ልጅ እመለሳለሁ።

ከእንቆቅልሽ ወደ ተረት እንሻገራለን። «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» የሚለኝ የክፍሉ ግማሽ ቢሆን ነው። አንዳንዱ «የመሠረት» ይላል። የቀረው ያየኛል። እዚህ ያለን ጎልማሶች አባባ ተስፋዬን ያየን ነን። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት ያላነሰ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረውናል፤ በ2009 ዓ.ም. ነው ያረፉት። ስክሪን የልጆችን ተረት ገደለው የሚል ሰው ሲገጥመኝ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። እሳቸውም እኮ በስክሪን ነው የመጡት። ልዩነቱ ልጆቹ ስቱዲዮ ገብተው ፊታቸው መቀመጣቸው ነው። እሳቸው ድምፃቸውን ቀያይረው አንበሳም ጦጣም ይሆናሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ይመልሳሉ፣ ይስቃሉ። ተረት መላሽ ይፈልጋል። ስልክ ላይ የሚታየው ቪዲዮ መላሽ አይፈልግም።

በነገራችን ላይ እህቴ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ ታስተምራለች። «ተረት ተረት፣ የላም በረት» ስትላቸው አንዱ «በረት ምንድን ነው?» አላት። «የላም ቤት።» «ላሟ ኪራይ ትከፍላለች?» እህቴ ስልክ ደውላ እየሳቀች ስትነግረኝ መጽሐፉ እዚያው ተጀምሯል አልኳት። ኪራይ መክፈል ያቃታት ላም! የተረት ፍሬ ከልጁ የዛሬ ኑሮ ነው የሚመጣው። ልጁ በረት ስላላየ ተረት የለውም ማለት አይደለም።

ልጆቹ አፋቸው ሲፈታ አንድ ዕቃ አወጣለሁ። ብዙ ጊዜ ነጠላ ጫማ ነው። አንድ እግር ብቻ። የተሰባበረ ቁልፍም ሆኖ ያውቃል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውና ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ይህ የማን ነው? ባለቤቱ ምን ፈልጎ ነበር? ማን ወይም ምን ከለከለው? በቃ። ስለ ታሪክ አወቃቀር ከዚህ በላይ አላስተምርም። ፍላጎትና እንቅፋት ካለ ታሪኩ በራሱ ይሄዳል። ልጆቹ በየተራ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራሉ። አንዱ ባለጫማውን ጅብ ያስበላዋል። ቀጣዩ ከጅቡ ሆድ ያወጣዋል። ሦስተኛው «ሕልም ነበር» ብሎ ሊጨርሰው ይሞክራል። ሕልም ክልክል ነው። ይህን ሕግ ያወጣሁት ስድስት ቡድን በአንድ ቀን ስድስት ሕልም ካመጡልኝ በኋላ ነው።

ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ጉራግኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ። በመጀመሪያው ቀን በፈለጉት ቋንቋ ይናገሩ። ዴስኩ ላይ ያለ ጓደኛ ይተረጉማል። ዝምተኛ ተብሎ የተፈረጀ ልጅ ክፍሉን በሳቅ ሲያፈርሰው ያየሁት በዚህ መንገድ ነው። አማርኛው ይደርሳል።

ሌላ አንድ ሕግ አለኝ። እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ትቆጡኛላችሁ። «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ለመምህሩም ለተማሪውም። ጥያቄው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያደግንበት ነው። ግን ልጁ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ካወቀ ታሪኩን ከመልሱ ተነስቶ ወደ ኋላ ይጽፈዋል። ሰነፉ ልጅ ይወድቃል፤ ጎበዙ ልጅ ሐኪም ይሆናል። አለቀ። ጅቡ እንኳን ጅብነቱን ትቶ መካሪ ይሆናል። የድሮዎቹ ተረቶቻችን እኮ እንዲህ አልነበሩም። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው አህያ የሰጠችው ምክር የለም። ሁኔታውን በአራት ቃል አሳየችን፤ ከመቶ ችሎት የሚበልጥ ቃል ሆኖ ቀረ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ፊት ለፊታችሁ አንድ አንድ ነጭ ኤ4 ወረቀት ተቀምጧል። አንሱት። አዎ፣ እርስዎም ጋሼ። በቁመቱ ለሁለት እጠፉትና ዘርጉት። አሁን በአግድሙ ለሁለት እጠፉት፤ እንደገና ለሁለት። ስትዘረጉት 8 እኩል ሳጥን ታያላችሁ። እንደገና በአግድሙ ለሁለት ብቻ እጠፉት። ከታጠፈው ጎን ጀምራችሁ በመሃለኛው መስመር ላይ ቁረጡ፤ ቀጣዩ መስመር ጋ ስትደርሱ አቁሙ። መቀስ ያላገኘ በማስመሪያ ጠርዝ ይቅደደው። አሁን ዘርጉት፤ መሃሉ ላይ አፍ ተከፍቷል። በቁመቱ እጠፉና ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ ወደ መሃል ግፉ። አፉ ይከፈትና መስቀል ይመስላል። ገጾቹን በአንድ በኩል ሰብስቧቸው።

መጽሐፍ ያዛችሁ። ክር የለም፣ ኮላ የለም። አንድ ሽፋን፣ አንድ ጀርባ፣ ስድስት የታሪክ ገጽ።

ይህችን ትንሽ መጽሐፍ ልጆቹ ከሁሉ ይወዷታል። እኔ የምወዳት ግን ስድስት ገጽ ብቻ ስላላት ነው። ልጁ ሁሉንም ሊጽፍ አይችልም። መምረጥ አለበት። ገጽ 1 ላይ ማን እንዳለ፣ ገጽ 2 ላይ ምን እንደፈለገ፣ 3፣ 4 እና 5 ላይ ያጋጠመው፣ 6 ላይ የሆነው። መጀመሪያ በሥዕል ብቻ ይሞሉታል። ከሥዕሉ ሥር አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይገባል። ቦታው ከዚያ በላይ አይበቃም። «ክረምት ብዙ ጥቅሞች አሉት» ለሚለው ዓረፍተ ነገር ቦታ የለም።

ያቺ የጀሪካኗ ልጅ የጻፈችውን ላንብብላችሁ። ፊደሉን እኔ አስተካክዬዋለሁ፤ ቃሉ የእሷ ነው።

«አንድ ቢጫ ጀሪካን ነበር። ሥራው ሰልፍ መቆም ነው።

ባለቤቱ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ውስጡ ከታ ሄደች።

ከፊቱ ባልዲ አለ። ከኋላው ነጭ ጀሪካን አለ። አይነጋገሩም።

መሸ። ውኃ አልመጣም።

ጀሪካኑ ድንጋዩን ተፋና ወንዝ ፍለጋ ሄደ።

ጠዋት ባለቤቱ መጣች። ቦታው ላይ ድንጋዩ ተሰልፏል።»

ስድስት ገጽ። ይህን ያነበበ አንድ መምህር «በጣም ጥሩ ነው፤ መጨረሻው ላይ ውኃ መቆጠብ እንዳለብን ብትጨምርበት» አለ። በቅን ልቦና ነው ያለው። እኔ ግን ለምኜ አስቀረሁት። ድንጋዩ ተሰልፎ ከቀረ በኋላ ምን ይጨመራል?

ከትንሿ መጽሐፍ ቀጥሎ የሚሰፋው መጽሐፍ ነው። አራት ኤ4 ወረቀት አንድ ላይ ለሁለት ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል። ለሃምሳ ልጅ 200 ወረቀት ማለት ነው፤ ከአንድ እሽግ ግማሽ አይሞላም። ሽፋኑ ካርቶን ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ካርቶን ሞልቷል፤ የሰፈር ሱቅም አይከለክላችሁም። ካርቶን ሲታጠፍ ውስጡ ያሉትን መስመሮች ተከትሎ ነው። በተቃራኒው ካጠፋችሁት ይሰነጠቃል። ይህን ለልጆቹ አልነግራቸውም። ሁለት ቁራጭ እሰጣቸውና ራሳቸው ያገኙታል።

መስፋቱ ሦስት ቀዳዳ ነው። መሃል፣ ላይና ታች። በወስፌ ወይም በወፍራም መርፌ ቀድሞ መብሳት ነው፤ ልጁ በቀጭን መርፌ ወረቀትና ካርቶን አንድ ላይ ልብሳ ቢል ጣቱን ይወጋል። መርፌው ከውስጥ በመሃሉ ቀዳዳ ይወጣል። በላይኛው ይገባል። በውስጥ በኩል መሃሉን ዘሎ ወደ ታችኛው ይወርድና በዚያ ይወጣል። በመሃሉ ይመለሳል። ሁለቱ የክር ጫፎች ረጅሙን ክር በመሃላቸው አድርገው ይቋጠራሉ። ክሩ የመጽሐፉ ቁመት ሦስት እጥፍ ቢሆን ይበቃል። መርፌ ቆጥራችሁ ስጡ፣ ቆጥራችሁ ተቀበሉ። አንዲት መርፌ ከጎደለች ማንም ከክፍል አይወጣም። በዚህ ቀልድ የለም።

አሁን ስላበላሸሁት ቀን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አካባቢ ነው። ወረቀቱ ሳይታጠፍ በፊት መጻፍ ይቀላል ብዬ አሰብኩ። ልጆቹ ጠፍጣፋው ወረቀት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ደህና አድርገው ጻፉ፣ ሣሉ፣ ቀለም ቀቡ። ሃምሳ ሁለት ልጅ። ከዚያ አጠፍነው፣ ሰፋነው፣ ከፈትነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው ያለው። ሲታጠፍ የውጪኛው ወረቀት ግራ ጎን ገጽ 16 እንደሚሆን አላሰብኩም ነበር። ሃምሳ ሁለቱም መጽሐፍ ተመሰቃቀለ። አንዷ አለቀሰች። አንዱ ግን እንደመጣለት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር። ጅቡ መጀመሪያ ሞተ፣ ከዚያ ራበው፣ ከዚያ ተወለደ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያለቀሰችውም ሳቀች። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ባዶውን መስፋት፣ ገጽ ቁጥር መጻፍ፣ ከዚያ ነው ታሪኩ።

ወረቀቱ ታጥፎ፣ ተደርድሮ፣ በመሃል ተወግቶ በክር መያያዙን ልጆቹ ሲያዩ አንድ ፎቶግራፍ አወጣላቸዋለሁ። የብራና መጽሐፍ ነው። የአባቶቻችን መጽሐፍም እንዲሁ ነው የተሠራው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ተቆርጦ፣ ታጥፎ ጥራዝ ይሆናል። ጥራዞቹ በክር ይያያዛሉ። ሽፋኑ እንጨት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዋንዛ። ከላዩ የተደጎሰ፣ ማለትም ጌጥ የታተመበት ቆዳ ይለብሳል። ዓድዋ አጠገብ አባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ1,300 ዓመት በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሥዕልም አላቸው። ሐረር የሄደ ደግሞ በእጅ የተጻፉ፣ በቆዳ የተጠረዙ ቁርኣኖችን በአብዱላህ ሸሪፍ ሙዚየም ያያል። እዚያ የመጠረዝ ሙያውም እንደገና እንዲነሳ ተደርጓል። ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ፎቶ ጎን ለጎን ነው የማሳየው። ያኔ ሁሉም ልጅ የአያቱን መጽሐፍ ያገኛል።

ሰንሱል የሚባለውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ረጅም ብራና እንደ አኮርዲዮን እየተጣጠፈ የሚዘጋ የሥዕል መጽሐፍ ነው። ስትስቡት ይዘረጋል፤ ቅዱሳኑ በመስመር ቆመው ይወጣሉ። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጆች ይህን ቅርጽ ነው የምሠራው። መርፌ የለበትም፣ መቀስ የለበትም። አንድ ረጅም የወረቀት ቁራጭ ወዲያና ወዲህ ማጠፍ ብቻ። አንዱ ልጅ የሰፈሩን ታክሲ ተራ በሰንሱል ሣለው። ሰልፉ ማለቂያ ስላጣ ሁለት ተጨማሪ ወረቀት በኮላ አስቀጠለኝ።

ብራናው ላይ ግን ልጆቹ ሁልጊዜ የሚያስተውሉት አንድ ነገር አለ። «ቲቸር፣ ለምንድን ነው በቀይ የታረመው?» ይሉኛል።

በቀይ የታረመ! የእኛ ልጅ ቀይ ካየ ስህተት ነው የሚታየው። ጸሐፊው ግን በቀይ የሚጽፈው የሚያከብረውን ነው። የጌታን ስም፣ የእመቤታችንን ስም፣ የቅዱሳንን ስም። የምዕራፍ መክፈቻ መስመሮችም ቀይ ናቸው። መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስምም በቀይ ይገኛል። ስህተት ሲገጥመው ምን ያደርጋል? በቢላ ይፍቀዋል። ቃል ከዘለለ በመስመሮቹ መካከል በትንሹ ይጨምረዋል፤ ወይም ኅዳጉ ላይ፣ በገጹ ባዶ ጠርዝ ይጽፈዋል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚደንቃቸው የተማረው ጸሐፊም መሳሳቱ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲጽፍ የኖረ ሰው ቃል ዘለለ!

ያን ቀን ነው ቀይ እስኪርብቶዬን አውጥቼ ለልጆቹ የሰጠሁት። «ከታሪካችሁ ውስጥ የምታከብሩትን ስም በቀይ ጻፉ» አልኳቸው። አብዛኞቹ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ስም ጻፉ። የጀሪካኗ ልጅ «ድንጋዩ» የሚለውን በቀይ ጻፈች። አንድ ልጅ ደግሞ ሽፋኑ ላይ የራሱን ስም በቀይ አደረገ፤ ከነአባቱ ከነአያቱ። ጎረቤቱ «አንተ ቅዱስ ነህ እንዴ?» አለው። «አይደለሁም፤ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ታዲያ ማረሙስ?» ትሉኛላችሁ። ይታረማል እንጂ። እኔ ፊደል አያስፈልግም የምል ሰው አይደለሁም። ጥያቄው መቼና በማን ነው። ፀሐይን በስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል ታውቃላችሁ። ጸና ፀ አለ፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አለ። ድምፁ አንድ ነው፤ ልጁ በጆሮው ሊለየው አይችልም። ታሪኩ እየፈላ ሳለ «ፀሐዩ ፀ ነው» ብትሉት ብዕሩ ይቆማል። ቀጥሎ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ይተወዋል። የማይሳሳትበትን ቃል ብቻ መርጦ ይጽፋል። «ክረምት ብዙ ጥቅሞች አሉት» ውስጥ እኮ አንድም የፊደል ስህተት የለም!

ስለዚህ የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ማንም ምንም አይነካም። ሁለተኛው ላይ ልጁ ለጓደኛው ጮክ ብሎ ያነብለታል። ጓደኛው ሁለት ነገር ብቻ ይናገራል፤ የት ጋ እንዳልገባውና የት ጋ ቀጥሎ የሚሆነውን ለመስማት እንደጓጓ። «ጥሩ ነው» ማለት አይቆጠርም። ጮክ ብሎ ሲነበብ ዓረፍተ ነገሩ ከተንጋደደ ምላስ ራሱ ይደናቀፋል። ሦስተኛው ላይ ነው ፊደሉን በእርሳስ አብረን የምናየው። ከዚያ ወደ መጽሐፉ ይገለበጣል። መጽሐፉ ላይ በኋላ ስህተት ከተገኘ እንደ ብራናው ነው፤ በመስመሮቹ መካከል በትንሹ ይጨመራል።

ስለ ቁሳቁስ ብዙ አልልም። ኮላ ከሌለ አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በአራት ኩባያ ውኃ እያማሰሉ እሳት ላይ ማወፈር ነው። ጥሩ አድርጎ ያጣብቃል። ሁለት ሦስት ቀን ካለፈው ግን ይሸታል፤ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ። ደግሞ በዱቄት የተጣበቀ መጽሐፍ አይጥ ይወዳል። አንድ ትምህርት ቤት ክረምቱን ዕቃ ግምጃ ቤት ያስቀመጥነውን ሁሉ መስከረም ላይ ስንከፍት ክሩና የካርቶኑ ጠርዝ ብቻ ነበር የቀረው። ልጆቹ ሐዘን ይቀመጣሉ ብዬ ስፈራ እነሱ «መጽሐፍ የበላው አይጥ» የሚል አዲስ መጽሐፍ ጀመሩ። ይህኛውን በስፌት ብቻ ሠራነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህ አይሆንም። የወረቀቱ ማጠፍ ብቻ ይበላዋል። እኔ አራት ቅዳሜ ነው የምጠይቀው፤ በየቅዳሜው አንድ ሰዓት ተኩል። ቅዳሜ ካልሆነ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ሰዓት አለ። ሚኒ ሚዲያ ካላችሁ ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው። ልጁ ታሪኩን በእረፍት ሰዓት በማይክ ያንብብ። ርዕሰ መምህሩን ለማሳመን ብዙ ሪፖርት አትጻፉ፤ አንድ ልጅ መጽሐፉን ይዞ ቢሮው ይግባ።

የተሠሩት መጻሕፍት የት ይግቡ? ቤተ መጻሕፍት። እዚህ ያላችሁ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው። በ1995 ዓ.ም. አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ፣ በኋላም አዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች ሲወስዱ፣ ብዙ ልጅ ከማስተማሪያ ውጪ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ነካ። ትልቅ ነገር ነው። እኔ የምጠይቃችሁ እዚያው መደርደሪያ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ብቻ ነው። የልጁ መጽሐፍ ቁጥር ይሰጠው፣ የውሰት ካርድ ይኑረው። የጀሪካኗ ልጅ መጽሐፏ መደርደሪያ ላይ በዋለ በሳምንቱ በየቀኑ እየመጣች ካርዱን ታይ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ተውሶት ነበር። አሥራ ሁለተኛዋ ራሷ ናት።

ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ ወላጆች ጠርተን ልጆቹ መጽሐፋቸውን አነበቡ። ቡና ተፈልቷል፣ ፈንዲሻ አለ። አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ አያቷን ይዛ መጣች። እማማ ማንበብ አያውቁም። ልጅቷ የጻፈችው ግን እሳቸው የነገሯትን የጅብ ተረት ነው። ፊት ወጥታ ማንበብ ጀመረች። እማማ ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ይዘው ያዳምጣሉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አይደለም፣ አይደለም። ጅቡ እኮ አንካሳ ነው! አንካሳ ባይሆንማ መች ታመልጠው ነበር?»

ልጅቷ ቆመች። ገጹን አየችው። አንካሳ የሚል የለም። እኔ ልታለቅስ ነው ብዬ ተነሳሁ። እሷ ግን ዞር ብላ፣

«ቲቸር፣ ቀዩን እስኪርብቶ አቀብለኝ» አለችኝ።

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል «አንካሳው» ብላ በትንሹ ጻፈች። እማማ ተጠግተው የተጻፈውን በጣታቸው ነኩት።

«የቱ ነው እሱ?» አሏት።

«ይኼ ቀዩ።»

«በል እንግዲህ፣ አንካሴ» አሉት ጅቡን። ተመልሰው ተቀመጡ። «ቀጥይ፣ ልጄ።»